የምንኖርበት ግቢ
(ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በተዘጋጀው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሐፊ ስለ ዩኒቨርሲቲያችን ታሪክ ግማሽ ሰዓት ያህል እንድናገር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬው ነበር። እኔ የታሪክ ክፍል ተማሪ አይደለሁም። ይልቁንም በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ታሪክ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ አንዳንዱንም በተማሪነታቸው ዘመን በዓይናቸው ያዩ መምህራን ተቀምጠዋል፤ በነሱ ፊት ይህን መናገር ለቀባሪው አረዱት የሚባለው ዓይነት ነው። በኋላ እሺ ያሰኘኝን ነገር ግን ለአዲሶቹ ተማሪዎች ልንገራችሁ።

ስድስት ኪሎ በገባሁ በሳምንቱ፣ አብረውኝ ከመጡ ያገሬ ልጆች ጋር በቀድሞው ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ካለው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ወጥተን ፎቶግራፍ ተነሣን። ደረጃው፣ እንደምታውቁት፣ ወዴትም አያደርስም። ወደ ላይ ይወጣ ይወጣና አናቱ ላይ አንድ አንበሳ ተቀምጦ ያልቃል። እኛም ሣቅን፤ «ገንዘብ አልቆባቸው ነው የተዉት» ተባባልን። በዕድሜ የገፉ አንድ የግቢ ዘበኛ ከሩቅ ሲመለከቱን ቆይተው ቀረብ አሉና፣ «ልጆቼ፣ የቆማችሁበትን ታውቁታላችሁ?» ብለው ጠየቁን። አናውቅም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ተምረን፣ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፈን፣ የቆምንበትን አናውቅም ነበር። ዛሬ የምናገረው እሳቸው በዚያ ቀን የጀመሩልኝንና እኔም ከዚያ ወዲህ ከመጻሕፍትም ከሰውም ለቃቅሜ ያገኘሁትን ነው።

ደረጃውን የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። ሙሶሊኒ በ1915 ዓ.ም. ወደ ሮማ ከዘመተበት ጊዜ አንሥቶ ፋሽስቶች ለገዙበት ለያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ እርከን ቆጥረው ያቆሙት ነው። ጠላት ከወጣ በኋላ ግን ደረጃው አልፈረሰም። የይሁዳ አንበሳ አናቱ ላይ ወጥቶ ተቀመጠበት። በኔ አስተያየት ይህ ከማፍረስ የበለጠ ብልኀት ነው፤ ያ ሁሉ ቈጠራ ያንበሳ መቀመጫ ሆኖ ቀረ።

ቤቱ ራሱ ገነተ ልዑል ይባል ነበር። በ1920ዎቹ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ የተሠራ ቤተ መንግሥት ነው። ጣሊያን በገባ ጊዜ የእንደራሴው መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የአልጋ ወራሻቸውን ልጅ መወለድ ምክንያት በማድረግ ለድኆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ሕዝቡ በዚሁ ግቢ ተሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምባቸውን የወረወሩት እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደውን መዓት ከበሩ ስትወጡ ፊት ለፊት የምታገኙት የሰማዕታት ሐውልት ይነግራችኋል። ብዙዎቻችን በዚያ ሐውልት ሥር ታክሲ እንጠብቃለን፤ ቀና ብለን ግን አናየውም። እኔም ቀና ያልሁት በሁለተኛ ዓመቴ ነው።

ከነጻነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ገቡበት። እስከ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ድረስ ቤታቸው ነበር። በዚያን ወር የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርጉ፣ መኳንንቱንና ሚኒስትሮቹን ያገቱት በዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ነው። ነገሩ ሳይሳካ በቀረ ጊዜ በታጋቾቹ ላይ ተተኰሰ፤ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከሌሎች ብዙዎች ጋር እዚያው ሞቱ። ላይኛው ፎቅ ላይ ያለውን የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት ያያችሁ እንደ ሆነ በመስተዋቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ። የዚያን ጊዜ ነው ይባላል። እኔ ያንን መስተዋት ከዚህ ግቢ ዕቃ ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ሰው ፊቱን ሊያይበት ሲቆም ቀዳዳውን አብሮ ያያል።

እንግዲህ ግቢው ከዩኒቨርሲቲው ይቀድማል። ዩኒቨርሲቲው የተወለደው ደግሞ እዚህ ሳይሆን ቍልቍል አራት ኪሎ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በሚል ስም ሲከፈት የተማሪው ቍጥር ሠላሳ ሦስት ነበር። ሠላሳ ሦስት! ዛሬ በአንድ ሰልፍ ምሳ ለመብላት የምንቆመው ከዚያ ይበዛል።

የኮሌጁን መሥራችነትና ፕሬዝዳንትነት የተሰጡት ዶክተር ሉሲየን ማት የካናዳ ሰው ነበሩ፤ ቀደም ሲል የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን መርተዋል። እሳቸውም አብረዋቸው የመጡትም መምህራን ኢየሱሳውያን ካህናት ነበሩ። አገራችን ከዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ የዚህን ማኅበር ስም እንዴት እንደምታስታውስ ታውቃላችሁ፤ ስለ ሃይማኖት የፈሰሰው ደም እስከ ዛሬ ይነገራል። ስለዚህ እነ ዶክተር ማት የመጡት የካህን ልብሳቸውን አውልቀው፣ ኮትና ከረባት አድርገው፣ ሃይማኖታቸውንም ላይሰብኩ ተስማምተው ነው። ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው ጠብ በአንድ ልብስ መለወጥ ታለፈ። እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ደፋር ነበሩ፤ ካህናቱም ትዕግሥተኞች ነበሩ።

የዚያን ዘመን ተማሪ ምግቡም መኝታውም በመንግሥት ወጪ ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ይተኛል፣ በአንድ ገበታ ይበላል። አባቶቹ ተያይተው የማያውቁ ልጆች እዚህ ወንድማማች ሆኑ። ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ ልጆች በሰጡት ሁለት መቶ የትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌላም አገር ተማሪዎች መጡ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ የዚህ ቤት ምሩቅ ናቸው። እነዚህ እንግዶች በቅኝ ግዛት ሥር ያደጉ ነበሩና ስለ ፖለቲካ መናገርን ከእኛ ልጆች ይልቅ ለምደውታል። የእኛዎቹ ነጻ አገር አለን ብለው ይኰሩባቸው ነበር፤ እነሱ ግን ነጻ በተባለው አገር ገበሬው እንዴት እንደሚኖር ይጠይቁ ጀመር። ለጥያቄው መልስ አልነበረም። የተማሪው እንቅስቃሴ ከዚያ ጥያቄ ብዙ እንደ ወሰደ አምናለሁ።

በታኅሣሡ ግርግር ጊዜ የኮሌጁ ተማሪዎች ለውጡን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ወታደር አስቆማቸው፤ በማግስቱም ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ደም በፈሰሰበት ቤት ተመልሰው አልኖሩበትም። ዓመት ሳይሞላ ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። የአራት ኪሎው ኮሌጅ፣ የምሕንድስናው፣ የልደታው የሕንፃ ኮሌጅ፣ የዓለማያው የእርሻ፣ የጎንደሩ የጤና ጥበቃና የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ በአንድ ስም ተጠቃለሉ። ዓለማያና ጎንደር በኋላ ራሳቸውን ችለው ወጥተዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ንጉሥ የራሱን ቤት ለተማሪ ሲሰጥ ምን ማለት ነው? አንዳንዱ የአባትነት ስጦታ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ የተቈጣን ልጅ ማባበያ ነው ይላል። እኔ ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ነገር ግን የተሰጠ ቤት ከተገዛ ቤት ይለያል፤ ሰጪው ሲመጣ በሩን ክፈቱ ይላል። የዩኒቨርሲቲያችን የመሪዎች ታሪክ ስለዚህ የበር ታሪክ ነው። ፕሬዝዳንቱ በሩ ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ከውጭ መንግሥት ይጠራዋል፣ ከውስጥ ተማሪውና መምህሩ ይጠራዋል። የትኛውን ቀድሞ እንደሚሰማ ነው የሚጠየቀው።

የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዝዳንት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም የአራት ኪሎው ኮሌጅ ልጅ ነበሩ፤ የንጉሠ ነገሥቱን የልጅ ልጅ በማግባታቸው ደግሞ የቤተ መንግሥቱ ዘመድ። እንደሳቸው በሁለቱ ወገን መካከል የቆመ ሰው አይገኝም። ከዲግሪ በፊት አንድ ዓመት ወደ ገጠር ወጥቶ ማገልገልን ግዴታ ያደረገው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተጀመረው በሳቸው ጊዜ ነው። ከተማ ያደገው ተማሪ በየአውራጃው ሄዶ ሲያስተምር ገበሬው ምን ያህል ለባለ መሬት እንደሚከፍል በዓይኑ አየ። መንግሥት ያሰበው የመምህራንን እጥረት ለመሙላት ነበር፤ የተመለሰው ተማሪ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ልጅ ካሣ በደርግ ዘመን ታስረው በኋላም ተገደሉ።

የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው ሄዱ። ከዚያም በፊት በየዓመቱ በኮሌጅ ቀን የሚነበቡት ግጥሞች ነበሩ። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን ሲያነብ ባለሥልጣኖቹ ደስ አላላቸውም። ብዙም ሳይቆይ በአዲስ አበባ የነበረው የነጻ መኝታና ምግብ ቀረ፤ ተማሪው በየሰፈሩ ቤት ተከራይቶ ከድኻው ጋር ጎረቤት ሆነ። ድኻን በግጥም ብቻ ሲያውቅ ለነበረው ተማሪ ይህ ጥሩ ትምህርት ሳይሆነው አልቀረም።

አንድ ነገር ልጨምር። የቀድሞዎቹ የማኅበር ቅጠሎች፣ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» በኋላም «ስትራግል»፣ ባመዛኙ በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ነበሩ። ስለ ገበሬው የተጻፈውን ገበሬው ቀርቶ የተማሪውም እናት አታነበውም ነበር። ግጥሞቹ ግን በአማርኛ ስለ ነበሩ የከተማው ሕዝብ ሊሰማቸው ይጎርፍ ነበር። ባለሥልጣን ከድርሰት ይልቅ ግጥም የፈራው ለዚህ ይመስለኛል።

ማኅበራችን ሁልጊዜ ልክ ነበር ብዬ ግን አላታልላችሁም። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በግቢው የልብስ ፋሽን ትርኢት በቀረበ ጊዜ ተቃዋሚዎቹ ተማሪዎች ሊያዩ የመጡትን ሰደቡ፣ አዋከቡ። ምክንያታቸው የባዕድ ባሕል መጣብን የሚል ነበር። ሱፍ ለብሶ ከረባት ያሰረው ወንድ የሴቲቱን ቀሚስ የባዕድ ባሕል ነው ሲል ከመካከላቸው የሣቀ አለመኖሩ ያሳዝናል። በዚያን ጊዜ በግቢው የነበሩት ሴቶች በጣም ጥቂት ነበሩ። ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁት እኅቶቻችን ብዙ ናችሁ፤ ስለዚህ ቀን ከወንድ አፍ ሳይሆን ከእናንተ ብንሰማ ደስ ይለኛል።

በ1961 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ፕሬዝዳንት ሆኑ፤ እሳቸውም የመጀመሪያዎቹ የኮሌጁ ተማሪዎች ከሆኑት አንዱ ነበሩ። በሹመታቸው ዓመት ሳይርቅ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ፣ የማኅበሩ ፕሬዝዳንት ጥላሁን ግዛው ከዚህ ግቢ ብዙ ሳይርቅ በጥይት ተመታ። አስከሬኑን ዛሬ የካቲት 12 ከሚባለው፣ ከጎናችን ካለው ሆስፒታል ተማሪዎቹ አውጥተው ወደ ግቢው አመጡት። በማግስቱ የክብር ዘበኛ ወታደሮች በሩን አልፈው ገቡ፤ አስከሬኑን ወሰዱ፤ ተማሪዎችም ተገደሉ። በየቀኑ መታወቂያችንን አሳይተን የምናልፍበት በር ነው።

በሚያዝያ 1965 ዓ.ም. ደግሞ ከዚህ ግቢ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ረኀቡን በፎቶግራፍ አንሥተው መጡ፤ ሥዕሎቹም እዚሁ ታዩ። መንግሥት የደበቀውን ዩኒቨርሲቲው ገለጠው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለአገሩ ከሚያደርገው ሁሉ ይህን የሚበልጥ አላውቅም፤ ብዙ ገንዘብም አልጠየቀም፤ መኪና፣ ካሜራና ድፍረት ብቻ ነው።

ስለ ደርግ ዘመን ዛሬ ባጭሩ አልፋለሁ። ስሙ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም አሁን ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ተማሪውና መምህሩ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ፤ ትምህርቱ ሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። ሲከፈት የተመለሰው ሁሉ አልነበረም። ስለ ቀይ ሽብር በዚህች ሰዓት ውስጥ አምስት ደቂቃ መስጠት ነውር ስለሚሆን፣ ማኅበሩ ራሱን የቻለ አንድ ምሽት እንዲያዘጋጅለት አስቀድሜ ጠይቄአለሁ።

በነዚያ ዓመታት ዶክተር ታየ ጉልላት፣ ዶክተር ዱሪ መሐመድ፣ ዶክተር አብይ ክፍሌ መሩት። ዶክተር ዱሪ ከመንግሥት ለውጥ በኋላም እንደ ገና ተመልሰው ፕሬዝዳንት ሆነዋል። ለውጡ በመጣ በሁለተኛው ዓመት ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. ተማሪዎች ሰልፍ ሊወጡ ሲሉ ተተኰሰባቸው። በሚያዝያ ከአርባ በላይ መምህራን ከሥራ ተባረሩ፤ የሕክምና ፋኩልቲው የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ዲን የነበሩት ቀዶ ጥገና ሐኪም ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ከነዚያ አንዱ ናቸው። ከስምንት ዓመት በኋላ በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ተማሪው እንደ ገና ተነሣ። የጠየቀው ምን ነበር? ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፤ ማኅበራችን ይመለስ፤ ጋዜጣችንን እናሳትም። በዚህ ጥያቄ ምክንያት ብጥብጡ ወደ ከተማው ተስፋፍቶ አርባ ያህል ሰው ሞተ። አዲስ ገቢ ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ይህን ንግግር የምታነቡባት ቅጠል ቀላል መስላ ብትታያችሁ ይህን አስቡ።

ሕንፃዎቻችን የራሳቸው ወሬ አላቸው፤ አንዱን ብቻ ላንሣ። የምናጠናበት የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግድም የተሠራ ነው። በዚያን ዘመን ቀን ቀን በሰልፍ አሜሪካን ሲያወግዝ የዋለ ተማሪ ማታ በአሜሪካ ፕሬዝዳንት ስም በተጠራው ቤት ማርክስን ሲያነብ ያመሽ ነበር። እኔ በዚህ ነውር አላይበትም።

በ2015 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲያችን ራስ ገዝ እንዲሆን በሕግ ተወስኗል፤ በአገራችን የመጀመሪያው ነው። ዛሬ ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ ሌሎቹም ወደኛ ይመለከታሉ። ራስ ገዝ ማለት በበሩ ላይ የቆመው ሰው ከውጭ ሲጠራ «ጠይቄ እመለሳለሁ» ማለት ይችላል ማለት ነው? ወይስ ክፍያና በጀት ብቻ ነው? ይህን የሚመልሱ መምህራን ስላሉን በውይይቱ ጊዜ ቢያስረዱን።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዚህ ቤተ መንግሥት ሲቋቋም ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ሙዚየሙ ግን ከዚያ ይቀድማል። የኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ገና በአራት ኪሎ ሳሉ መስቀሉን፣ ሥዕሉን፣ የገበሬውን ዕቃ እየለቀሙ አስቀመጡ። ሌላው ሰው ተራ ዕቃ ነው ብሎ ያለፈውን እሳቸው አነሡት። ዛሬ ከዓለም ዳር ሰው ሊያየው ይመጣል።

የማኅበራችንን ቅጠሎች ማን ይልቀምልን? በስቴንስል ተመትታ በማባዣ መኪና የወጣች ወረቀት ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ጠርዙ ይበላል። ጥፋተኛ አልፈልግም፤ ባለፈው ዓመት የማኅበራችንን ሁለት ቍጥሮች ቆሎ መጠቅለያ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አንደኛው የሴት ተማሪዎችን የመኝታ ቤት አቤቱታ የያዘው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንን ቍጥር ፈልጌ ከማንም አላገኘሁትም፤ የተጻፈውም ምን እንደ ነበረ በትክክል አላስታውስም።

ስለዚህ መምህራኖቻችን በየመደርደሪያችሁ፣ ምሩቃን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በየሳጥናችሁ ያለውን የማኅበር ጽሑፍ፣ አሮጌም ይሁን አዲስ፣ የተቀደደም ቢሆን፣ አምጡልን። ላለመስጠት የምትሳሱ ብትኖሩ አንድ ቀን አውሱንና ገልብጠን እንመልሳለን። በማኅበሩ ቢሮ በር አጠገብ ካርቶን አስቀምጠናል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከምሳ በኋላ አንድ ሰው ይኖራል። ረቡዕ ረቡዕ ተረኛው እኔ ነኝ።